ሩት አውድማ ወረደች

በታኅሣሥ ሰማይ ላይ ደመና መታየቱ ሳያንስ፣ የወይዘሮ ሐረገ ወይን ወንድም አርብ ገበያ ከተማ አረፉ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ማንንም የማያስቸግሩ ነበሩ፤ ሲሞቱ ግን አንድ የእስቴን መንደር በአንድ ጠዋት ሴት አልባ አደረጉት። ለቅሶ ደራሹን ሊወስድ የመጣው አይሱዙ የመጀመሪያዋን ሴትዮ ሲጭን ዝም አለ፣ ሲሞላ አቃሰተ፣ ከሞላ በኋላ ሲጨመርበት ጎማው እንደ ሊጥ ተዘረጋ። ሾፌሩ «በቃ! በቃ!» ብሎ ሲጮህ፣ ቦታ ያጡ ሴቶች ከነነጠላቸው ኮት ኪሱ ውስጥ ገብተው ነበር የሚሉ አሉ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ከጭነቱ ጫፍ ላይ ሆነው፣ በአንድ እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ በሌላው እጃቸው አማቻቸውን ቢሻውን ያዝዛሉ። ቢሻው የአሥር ወር ልጁን ሩትን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጠዋትና ማታ አጥሚት! ፀሐይ ሲከር ሸፈን አርጋት፣ ምች እንዳይመታት! ስትተኛ ከራስጌዋ ብረት አይጥፋ!»

«እሺ እማማ።»

«ካለቀሰች አባብላት!»

«ባታቆምስ?»

«ታቆማለች!»

«መቼ?»

አይሱዙው መልሱን ይዞ ሄደ።

የሩት ለቅሶ እንደ ሌላው ሕፃን እኝ እኝ የሚል አይደለም። መጀመሪያ ትንፋሿን ሰብስባ ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ የሚያውቋት ውሾች ከግቢው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው የምትለቀው። ክርስትና የተነሣች ዕለት የለቀቀችው፣ መሪጌታውን ከዜማቸው መሃል አስቶ በጥምቀቱ ዜማ ፋንታ የትንሣኤውን አስብሏቸዋል ይባላል፤ መሪጌታው ግን እስከ ዛሬ አላመኑም።

የቢሻው አባት አያ ሞላ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። የቤቱ አንድ ስልክ ያለው እዚያ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ።

«ደውዬ ልጥራት» አሉ።

«ማንን?»

«እናቷን ነዋ! ማንን ልጥራ፣ ወረዳውን?»

ቢሻው ልጁን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሚስቱ ፈትለወርቅ ደብረ ታቦር ናት። የእንስሳት ሕክምና ተምራ ጨርሳለች፤ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው የብቃት ምዘና ብቻ ነው የቀራት፤ ያለ እሱ ደግሞ ሥራ የለም። አምና ለዚሁ ፈተና ሄዳ በሩ ላይ ምጥ ያዛት። ሩት እናቷን ከፈተናው በር መልሳ ነው የተወለደች። ዘንድሮ ስትሄድ ፈትለወርቅ ጡቷን ከልጇ አፍ አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ልጅሽ ታመመች ካላችሁኝ ትቼ እመጣለሁ። እናት ነኝ። ካልደወላችሁ ግን ጨርሼ ነው የምመጣ። እንግዲህ ስልኩን አደራ።» ዛሬ የጽሑፍ ፈተና አለባት፤ ነገ ደግሞ ላም ፊት ቆማ በተግባር ትፈተናለች።

«እኔ እይዛታለሁ» አለ ቢሻው።

«አንተማ አውድማ ነው የምትወርድ። ያን ደመና አታየውም? ከጉና ራስ ላይ ተነሥቶ በስማችን እየጠራን ነው። ክምሩ እስከ ነገ ተወቅቶ ካልገባ ስንዴያችን እዚያው አውድማው ላይ ይበቅላል። ሁለት እጅ ነው ያለህ።»

«ጀርባም አለኝ።»

አያ ሞላ ሊገዙት እንደመጡት በሬ ጀርባውን አዩት።

«ሌሊቱንስ? ምርት ያለ ጠባቂ አያድር።»

«አብራኝ ታድራለች። ሸራ ወጥሬ፣ ገለባ ጎዝጉዤ።»

«በዚህ ውርጭ!»

«ገለባ ውስጥ የገባን ሰው ውርጭ ስሙንም አያውቀው አባ።»

«እንግዲህ ስማ» አሉ አያ ሞላ ስልኩን ከፍ አድርገው። «አንዴ ካስነጠሰች እደውላለሁ።»

«ሁለቴ ይሁን። አንዱ ለገለባው አቧራ ይታሰብልኝ።»

አያ ሞላ ደመናውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ አሰቡ። «ሁለቴ» አሉ።

በዚያ አገር አንድ ሰው ቢሻው በሬ ተሸከመ ቢል ይታመናል፤ ልጅ በአንቀልባ አዘለ ቢል ግን ቀበሌ ይጠየቃል። ቢሻው ግን አዘለ። የወተት ጀሪካን በአንድ እጁ፣ ሸራና ማጭድ በሌላው፣ በቋጠሮው የልጅቱን ጨርቅና አማቱ ለመጠቅለያ ብለው የተውለትን የፈትለወርቅን ቀሚስና ነጠላ ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ቁልቁል ወረደ። ጎረቤቱ ይስማው በሬዎቹን እየነዳ ከኋላ ደረሰበት፤ አንቀልባውን አየና በሬዎቹን አቆመ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«ማርያም ታኑርህ» አለ ቢሻው ሳይዞር። «ገንፎው የት አለ ታዲያ? ባዶ እጅህን ነው አራስ የምትጠይቅ?»

«ምን ላድርግ፣ የምታገነፋው አይሱዙ ላይ ናት።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ንዳ።»

አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ እንደ ምጣድ ተስተካክሎ ይጠብቃል። የስንዴው ክምር ከጎኑ ቆሟል። ቢሻው ጫማውን አውልቆ ሊገባ ሲል ተከትለውት የወረዱት አያ ሞላ ዱላቸውን ከፊቱ እንደ መዝጊያ አጋደሙበት።

«ቁም! ረሳኸው? ምርት ከአውድማ እስኪነሣ ሴት አትረግጠውም። የአባቴም የአያቴም ሥርዓት ነው።»

«የቷ ሴት?»

«ጀርባህ ላይ ያለችዋ!»

«ሩት ሴት ናት?»

«ታዲያ ምንድን ናት? ዲያቆን?»

ይስማው ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። ምርት ባለበት ሁሉ ቀድመው የሚደርሱት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የቤተ ክርስቲያኑን ድርሻ የሚይዙበትን ስልቻ ትከሻቸው ላይ ጥለው እዚያው ነበሩ፤ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ ሞላ፣ ሥርዓቱ ምን ይላል?»

«ሴት አትርገጠው ይላላ!»

«መልካም። ይህች ልጅ ግን ገና አልቆመችም። እግር አላት እንጂ ሥራ አላስጀመረችውም። የሚረግጠው አባቷ ነው። ደግሞስ ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በዚህ ስም የምትጠራ ሴት አውድማ ስትወርድ የመጀመሪያዋ አይደለችም።»

«እግሯ መሬት ከነካስ?»

«ያን ጊዜ እንደገና እንቀመጣለን።»

አያ ሞላ ዱላቸውን አነሡ፤ ግን ዓይናቸውን ከልጅቱ እግር ላይ አላነሡም።

ሩት ለብይኑ ደንታ አልነበራትም። ጡጦ ሲሰጧት ወረወረችው። ቢሻው አጥሚቱን በጣቱ ሲያስልሳት ሁለት ጊዜ ዋጠችና ሦስተኛውን ፊቱ ላይ መለሰችለት። ከዚያ ዝም አለች። የይስማው ውሻ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ተለቀቀ።

ከወንዙ ማዶ ጦጣ ከዛፍ ወደቀች። ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ገበያ፣ ሰው መብረቅ መስሎት ሸቀጡን አነሣ። ክፉነቱ የታወቀው የነቢሻው በሬ ቦራ፣ ተለምኖ፣ ተገርፎ፣ ተሰድቦ እንጂ አውድማ ላይ ዞሮ የማያውቀው ቦራ፣ ማንም ሳይነዳው መዞር ጀመረ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ቢሻው ጅራፉን ይዞ ከኋላቸው ሮጠ፤ ጀርባው ላይ ያለችውም እየተናጠች ሄደች። አንድ ጊዜ ዞሩ። ለቅሶው ወደ ማጉረምረም ወረደ። እንደገና ዞሩ። ሩት ጉንጯን አባቷ ትከሻ ላይ ጥላ ተኛች።

«እሰይ!» አለ ይስማው በሹክሹክታ። «አቁምና አውርዳት።»

ቢሻው በሬዎቹን አቆመ። ሩት አንድ ዓይኗን ከፈተች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ንዳ! ንዳ! ንዳ!» አሉ መሪጌታ ስልቻቸውን ጥለው።

እንግዲህ ሕጉ ታወቀ። ሩት የምትተኛው በሬ ሲዞር ነው፤ ሩት ስታለቅስ ደግሞ የሰውም የበሬም ልብ ይፈርሳል። ስለዚህ በሬ መቆም የለበትም። ቦራ ሲደክመው የይስማው በሬዎች ገቡ። እነሱ ሲያለከልኩ ሌላ ፈለጉ። ሚስቶቻቸው ለቅሶ ሄደውባቸው ምሳ ያጡ ባሎች፣ ወንዝ ዳር ሰው ተሰብስቧል ሲባል የሚበላ መስሏቸው እየወረዱ መጡ፤ የመጣ ሁሉ በሬህን አምጣ ተባለ። አንዱ ነዶ ይፈታል፣ አንዱ በመንሽ ገለባ ያነሣል፣ ቢሻው ይዞራል። ውኃ እየዞረ ጠጣ። ቆሎውን እየዞረ ቆረጠመ። እሱም በሬውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንቅልፍ እየወሰዳቸው፣ እግራቸው ብቻ ነቅቶ ሲዞር የነበረበት ሰዓት አለ ይባላል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጨርቋ ሲቀየርላት፣ ሩት ከሸራው ሥር አምልጣ በዳዴ እየገሰገሰች አውድማው መሃል ገባች። አያ ሞላ ብድግ አሉ።

«ረገጠች! መሪጌታ፣ ረገጠች!»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው በጥንቃቄ ተመለከቱ። «ጉልበት ነው» አሉ። «ጉልበት እግር አይደለም። ቀጥሉ።»

በዚያው አፍታ ሩት አፍንጫዋን ጨመደደችና፣ እንጥሽ!

«አንድ!» አሉ አያ ሞላ።

«የአቧራው!» አለ ቢሻው።

«የአቧራው አንዱ ይኸው ሄደ። የቀረው የኔ ነው።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ክምሩ ከወገቡ በታች ወርዶ ነበር። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ቅዳሜ ተጀምሮ ረቡዕ ይጠየቃል። ሰው በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲበተን አያ ሞላ ከኋላ ቀሩ፤ ገለባው ውስጥ የተቆፈረውን መኝታ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ ሸራውን ጎተት አድርገው አጠበቁት፣ ምንም ሳይሉ ዳገቱን ወጡ። ቢሻው ማጭዱን ከልጁ ራስጌ አኖረና አብሯት ገለባው ውስጥ ገባ። ውጭው በረዶ ነበር። ውስጡ ግን የቦራን ሆድ ያህል ሞቆ ነበር። ሩት ያለ ለቅሶ አደረች፤ ከአባቷ ጋር አንድ ቀን ሙሉ በእግሯ የዞረች ይመስል።

ሲነጋ ግን ነገር ተበላሸ። ሩት ነቃች፣ ራባት፣ ጡጦውን አየችና ፊቷን አዞረች። አጥሚቱን አልነካም አለች። ቢሻው ዘፈነላት። እንደ ጥጃ ጮኸላት። ወተቱን እሱ ራሱ እየጠጣ «አቤት ሲጣፍጥ!» አላት። እሷ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን አንቀጥቅጣ ዓይኗን በዓይኑ ላይ ተከለች። ይህ ከለቅሶው ባሰበት። ትናንት ሦስት ማንኪያ የማይሞላ ነው የቀመሰች። ፈተናው ይቅር፣ ስንዴውም ይቅር፣ ልጅ ጦሟን ውላ ነው የሚታለፍ? ሊነሣና አባቱ ዘንድ ሊወጣ፣ በራሱ አፍ «ደውሉላት» ሊል ወሰነ። ሊያዝላት ጨርቁን ሲያነሣ የፈትለወርቅ ቀሚስ ከቋጠሮው ወጣ። ሩት በሁለት እጇ ያዘችው። አፍንጫዋን ቀበረችበት።

ቢሻው አየ። ዙሪያውን ቃኘ። ሰው የለም።

ቀሚሱን ከሱሪውና ከሸሚዙ በላይ ለበሰው። ነጠላውንም ተከናነበው። ሩትን ታቅፎ ጡጦውን ከነጠላው ሥር አሾልኮ ሲያቀርብላት፣ ልጅቱ ጨብጣው ያለ እረፍት ግጥም አደረገችው። እንደገና ተሞላላት፤ ያንንም። ጀሪካኑ ራሱ ደነገጠ። ስትጨርስ አገሳች፤ ያ ግሳት የይስማውን ያህል ሰው የሚመጥን ነበር። ቢሻው ደስታው ሲበርድለት ቀሚሱን ሊያወልቅ ከአንገቱ ሳብ ቢያደርግ ሩት ትንፋሿን ሰበሰበች። መልሶ አጠለቀው። ምን ቸገረው፣ ይሞቃል። አዘላትና መንሹን አንሥቶ ነዶውን አውድማው ላይ መበተን ጀመረ።

ከላይ፣ ከዳገቱ አፋፍ፣ አያ ሞላ እየወረዱ ነው። ሌሊቱን አልተኙም። ልጅቱ ስታለቅስ ቢሰሙ ይናደዱ ነበር፤ ባለመስማታቸው ግን ነፍሳቸው ወጣ። ዝም ያለችው በርዷት ነው፣ ዝም ያለችው ከፍቷት ነው እያሉ አደሩ። ስልኩን ከላስቲኩ ፈትተዋል፣ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። በጭጋጉ መሃል ወደ አውድማው ቁልቁል ሲያዩ፣ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ አውድማው መሃል ቆማለች። ያችን አበባ ያለባትን ቀሚስ ያውቋታል።

ሁለት ቁጣ በአንድ ጊዜ ወጣባቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጉሮሮ አላልፍ አሉ።

«ፈትለወርቅ! ምነው ልጄ! ምነው ጉድ ሠራሽኝ! ማን ነው የደወለልሽ? እኔ አልደወልኩ! ፈተናውን ለማን ትተሽው መጣሽ? ውጪ! ከአውድማው ውጪ!»

ዱላቸውን ጥለው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ በዚያ ዕድሜ የማይሮጠውን ሩጫ ሮጡ። አውድማው ጫፍ ሲደርሱ ሴትዮዋ ዞረች። ጢም አላት።

«እንደምን አደሩ አባ» አለች በወፍራም ድምፅ።

አያ ሞላ እዚያው ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ቀሚሱን አዩት። ከቀሚሱ በላይ ያለውን ፊት አዩት። ከትከሻው ጀርባ ብቅ ያለችውን፣ ከንፈሯ ላይ ነጭ የወተት ጺም ያበቀለችውን አዩ። ሩት ሳቀችላቸው።

«አልመጣችም?» አሉ በመጨረሻ።

«አልመጣችም አባ። ይኼኔ ላሟ ፊት እየቆመች ነው።»

«ልጅቱ ጠጣች?»

«ጀሪካኑን አገላብጠው ይዩት።»

አያ ሞላ ስልኩን መልሰው ጠቀለሉት፤ ክሩን ግን አላሰሩትም። «አንድ ቀርቶኛል» አሉ።

ይስማውና ሌሎቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲደርሱ፣ ቢሻውን አይተው ለመሳቅ አፋቸውን እንደከፈቱ ጉና አጓራ። ነጎድጓዱ ሳቁን ከአፋቸው ቀማቸው። ደመናው ተራራውን ለቅቆ እየወረደ፣ ፊት ለፊቱ ነፋስ ይነዳል። ያን ነፋስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዝናብ ቀድሞ የሚመጣ፣ አጭር፣ ኃይለኛ። ገለባን ከፍሬ ለመለየት ከእሱ የተሻለ የለም፤ ካመለጠ ግን ተከትሎት የሚመጣው ውኃ ነው።

«መንሽ ያዙ!» አለ ቢሻው። ከዚያ ቆመ። የመጨረሻው ነዶ ገና በበሬ እግር ሥር ነው፤ የተወቃው ደግሞ አሁኑኑ ለነፋስ መሰጠት አለበት። በአገሩ መንሽ ከእሱ በላይ ከፍ አድርጎ የሚወረውር የለም። ልጅ አዝሎ ግን አይወረወርም። አንዱ ልጅቱን አዝሎ ከበሬዎቹ ጋር መዞር አለበት፤ ያም ሰው ቀሚሱን መልበስ አለበት።

ይስማው ሞከረ። ቀሚሱ ትከሻው ላይ ደርሶ ጮኸ። መሪጌታ ስለ ጥምጣማቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ። ቀስ በቀስ ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ።

«እኔ?» አሉ አያ ሞላ። «እኔ ሞላ? በዚህ አውድማ ላይ? በቀሚስ?»

«አባ» አለ ቢሻው። «ወይ ይልበሱ፣ ወይ ይደውሉ። መሃል የለውም።»

በዚህ ጊዜ ነፋሱ ደረሰ፤ ገለባው ብድግ አለ። ሩት አፍንጫዋን ጨመደደች። ሁሉም አየ። ሁሉም እስትንፋሱን ያዘ። እንጥሽ! በደንብ የምትሰማ፣ የማትካድ፣ ሙሉ እንጥሽታ ነበረች።

አያ ሞላ እጃቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል። ደብረ ታቦር ያለችውን አሰቡ፤ አምና ልጅ ታቅፋ፣ ያለ ወረቀት፣ አንገቷን ደፍታ በቤታቸው በር የገባችውን። እጃቸውን ባዶውን አወጡ።

«አቧራው ነው» አሉ።

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው እንደ ሕፃን ቆሙ። ቢሻው ቀሚሱን ከላያቸው አወረደላቸው፣ ነጠላውን አከናነባቸው፣ ሩትን በአንቀልባው ጀርባቸው ላይ አሰረላቸው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። «ዛሬ ዓይኔ ደክሟል» አሉ፤ «ከዚህ ወዲያ ምንም አላይም።» እሳቸውም መንሽ አነሡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሁሉ የየራሱን ይናገራል። ቢሻው መንሹን ሲወረውር ገለባው ተመልሶ እስኪወርድ ሰው ንፍጡን ይጠርግ ነበር ይላሉ። አቧራው ስማዳን ተሻግሮ ወገዳ ገበያ ያለ ነጋዴ ሁሉ አስነጠሰ፤ ያንን ግን ማንም አልቆጠረው። አያ ሞላ ከቦራ ኋላ በአበባው ቀሚስ እየዞሩ፣ «ሆ በል የኔ አንበሳ! ሆ በል፣ ሩት ትተኛ!» ሲሉ፣ ቦራ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጅራፍ በሬ ሆነ። ፍሬው ከመሃል ወርቅ መስሎ ተቆለለ። በላይዳ እየተዛቀ ማዳበሪያ ሞላ፤ ሌላ ማዳበሪያ ሞላ። መሪጌታ ስልቻቸውን ቀድመው ሞልተው ሸራ ሥር ሲያስገቡ ተይዘዋል፤ ምርቱን የሚመርቁት እሳቸው ስለነበሩ ማንም አልተናገራቸውም። የመጨረሻው ጆንያ አፉ ሲታሰር የመጀመሪያዋ ጠብታ የይስማውን አፍንጫ መታች።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ ይስማው።

«ገባ!» አለ የወንዙ ዳር ሁሉ።

ዝናቡ ወረደ፤ ባዶ አውድማ ላይ። ሰው ሸራውን ጆንያዎቹ ላይ ጥሎ ዝናቡ ውስጥ እየዘለለ ይተቃቀፋል። በዚያ ጫጫታ መሃል አያ ሞላ ደረታቸው ላይ የሆነ ነገር መንዘፍዘፍ ጀመረ።

«ስልኩ! ስልኩ!» አሉ። ስልኩ ግን ከኮቱ ኪስ ነው፣ ኮቱ ከቀሚሱ ሥር ነው፣ ቀሚሱ ከአንቀልባው ሥር ነው። ሰው ተሰብስቦ በአንገታቸው በኩል እጅ ሰደደ፤ ይስማው እንደ ጥጃ ጎትቶ አወጣው።

«ሃሎ!» ብለው ጮኹ አያ ሞላ። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ አባባ!» የፈትለወርቅ ድምፅ ከመኪና ጥሩምባ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። «ጨረስኩ! ላሟ ተራጋጭ ናት፣ ሁለት ሰው ጥላለች፤ እኔ ቀንዷን ይዤ አረጋጋኋት፣ መርፌውን ወጋኋት፣ ብቁ ነሽ አሉኝ! ብቁ አባባ! ከትናንት ጀምሮ ዝም ስትሉኝ ልቤ ሊቆም ነበር። ሩትስ?»

«ተኝታለች።»

«የት?»

«ጀርባዬ ላይ።»

«አንቱ... ጀርባ ላይ?»

አያ ሞላ ስልኩን ለቢሻው አስጨበጡና ዱላ አጥተው መንሽ ከመሬት ነጠቁ። ቀሚሱ በዝናቡ ተጣብቆባቸው፣ ነጠላው ወደ ትከሻቸው ወርዶ፣ አውድማው መሃል ገብተው ወዲያና ወዲህ ተንጎራደዱ። የወጣትነታቸው ፉከራ ከየት እንደመጣ ማንም አላወቀም።

«ጎራው! ጎራው! የሩት አያት!

ደመና አጓራብኝ ከጉና ተነሥቶ፣
ስንዴዬን ሳይነካው አለፈ ተቆጥቶ፤
የሩት አያት ሞላ፣ ማን ይቁም ፊት ለፊት፣
ልጅ አዝሎ የሚያስገባ የዓመቱን ምርት!»

«በለው!» አለ ይስማው። «በለው!» አለ ሁሉም። መሪጌታ ሳይቀሩ ጥምጣማቸው እየተፈታ አጨበጨቡ። ሩት በዚያ ሁሉ ነውጥ ውስጥ፣ ዝናብ በማያሳልፈው የቆዳ አንቀልባ ውስጥ፣ አፏን ከፍታ ትተኛለች።

ቢሻው ስልኩን ወደ ፉከራው ዘርግቶ ከቆየ በኋላ ወደ ጆሮው መለሰው። ከዚያኛው ጫፍ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ድምፅ ይሰማል።

«ፈትለ» አለ፤ «ዝናብ እየመታው ነው፣ ልዝጋው?»

«እንዳትዘጋው!» አለች ፈትለወርቅ። «ካርዴ እስኪያልቅ ልስማ።»